አሸዋ ላይ የሳልኳት አሪየት

የልጄ ልጅ ብሌን ሥዕል መማር ጀምራለች። የምትማረው ከስልኳ ነው። አንድ ጺማም ሰው ብቅ እያለ የእርሳስ አያያዝ ያሳያታል፤ እሷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ የቆመ ሰው፣ የተቀመጠ ሰው፣ የሚሮጥ ሰው ትስላለች። ሰውየው በየቀኑ ሳታቋርጡ ሳሉ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የምትቀመጠው። አሁን ግን ወረቀቱን አውጥታ ታየዋለች፣ እርሳሱን ትቀርጻለች፣ ተነስታ ውኃ ትጠጣለች፣ ተመልሳ እርሳሱን ትቀርጻለች።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። በመጋቢት ወር ጋምቤላ ላይ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ቬንትሌተሩ ሲቆም ሰው ሁሉ ከቤት ይወጣል። እኔም ወንበሬን ይዤ ማንጎው ሥር ወጣሁ። ብሌንም ስልኳ ባትሪ ጨርሶባት ተከተለችኝና ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማማ፣ ሰለቸኝ" አለችኝ። "በየቀኑ ያው እጅ፣ ያው እግር። አንድም ሰው አይመስልልኝም።"

ወረቀቷን ገለበጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

"እስቲ አንቺን ልሳልሽ። እንዳትንቀሳቀሺ ብቻ።"

በዚህ ሙቀት ልንቀሳቀስ ብልም እንደማልችል ነገርኳትና ሳቀች። ወዲያው እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ይጫር ጀመር። ድምፁን ሳላስበው ማዳመጥ ያዝኩ። እርጥብ አሸዋ ላይ እንጨት ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ከዚህ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ ያው ነው።

በቤታችን እኔ ሥዕል መማሬን የሚያውቅ ሰው የለም። ደብቄው አይደለም፤ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው።

አባቴ ድሬሰር ነበር። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ጤና ጣቢያ ሲዛወር እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ከጎሬ የተነሳንበት የጭነት መኪና በጉምና በቡና ጫካ መሃል ሲጓዝ ቆየና ቁልቁለቱን ሲጀምር አየሩ ተለወጠ። እናቴ በመጀመሪያ ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ቀጥላ ነጠላዋን ላላ አደረገች፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ወደ ምን ዓይነት አገር ነው የምትወስደን ብላ አባቴን ጠየቀችው። አባቴ ዓሣ እንደ ልብ ነው አላት። ጋቢው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ሁለተኛ ደረጃ እንደገባሁ የሥዕል መምህር ተመደበልን። ታደለ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ወጣት ነበር። ጊዜው የደርግ ስለነበር ትምህርት ቤቱም ቀበሌውም የሚፈልጉት መፈክር እንዲጽፍላቸው ነው። ወረቀቱም ቀለሙም ለዚያ ይውላል፤ ለእኛ የሚተርፍ የለም። ታደለ ግን ሰው መሳል ሊያስተምረን ቆርጦ ነበር። ባሮ ሲጎድል በከተማው በኩል ሰፊ አሸዋ ይወጣል። መማር የሚፈልግ ሁሉ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከትምህርት በፊት፣ እንጨት ይዞ እዚያ ይምጣ አለን።

መጀመሪያ ብዙ ነበርን። ወንዶቹ ሁለት ሦስት ቀን ሳሉና ዋና ይሻላል ብለው ውኃው ውስጥ ገቡ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ቀሩ። እናቴ ደግሞ ሰው ገላውን የሚታጠብበት ቦታ ሄዶ የሰው ገላ መሳል ምን የሚሉት ትምህርት ነው ብላ ፊቷን አጠቆረችብኝ። አባቴ የጠዋት አየር አይጎዳትም ብሎ አሳለፈልኝ። እኔ የቀጠልኩት ወድጄው አልነበረም። መተዌን ለመምህሩ ሄጄ መንገር ስላፈርኩ ነው።

አሸዋ ላይ መሳል የራሱ ሥርዓት አለው። ከውኃው ከራቅሽ አሸዋው ደርቆ መስመሩ ይፈርሳል፤ ከቀረብሽ ውኃ ይሞላዋል። መሃሉን መፈለግ ነው። የምትስይው በሰው ቁመት ልክ ስለሆነ አጎንብሰሽ ወደ ኋላ እየሄድሽ ነው፤ መስመሩ መሃል ቆመሽ ሰውየውን አታይውም። ለማየት ወንዙ ዳር ያለው ገደል ላይ መውጣት አለብሽ። ወጥቼ ባየሁ ቁጥር ተስፋ እቆርጥ ነበር። አንዱ ክንዱ ከሌላው ይረዝማል፣ አንዱ ደግሞ የቆመ ሳይሆን ከዛፍ የወደቀ ይመስላል።

ታደለ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ክብደቱ የቱ እግሩ ላይ ነው?" እሱን ካወቅሽ ወገቡም፣ ትከሻውም፣ አንገቱም ከዚያ ይከተላሉ ይላል። ስለ ፊት ስጠይቀው በዚህ ወፍራም እንጨት ፊት አይሳልም አለኝ። ፊት የመጨረሻ ነው፤ ወረቀት ሲመጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደርስበታለን አለኝ።

ልተው በቋፍ ላይ ሳለሁ ነው አሪየት የመጣችው።

አሪየት አኝዋ ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል፤ ከዚያ እሷ አቋርጣ እናቷን ትረዳ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ አሸዋው ላይ አጎንብሼ አገኘችኝ። ጀሪካኗን አስቀምጣ የሳልኩትን ዞራ አየችው።

"ይሄ ሰው ነው ወይስ አምባዛ?" አለችኝ።

ሰው ነው፣ ዓሣ አይደለም አልኳት።

"እግሩ የት አለ ታዲያ? አምባዛ ነው። ጺም ብቻ ነው የጎደለው።"

በማግስቱም መጣች። አቋቋም አሳዪኝ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ፊቴ ቆመችና ሆዷን ወደ ፊት ነፍታ፣ እጆቿን ከኋላ አቆላልፋ፣ አገጯን አነሳች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበር። ሳቅኩና ሳልኩት። ስጨርስ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠራቻቸውና ማን ነው አለቻቸው። ሴቶቹ ገደሉ ላይ ወጥተው አዩ። አንዷ ስሙን ስትጠራ ሌሎቹ እየሳቁ ወገባቸውን ያዙ። አንዷማ ባልዲዋን ደፋችው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ይህ ሆነ። አሪየት በየጠዋቱ አንድ የከተማ ሰው ሆና ትቆማለች፣ እኔ እስላለሁ፣ ሴቶቹ ያውቃሉ። ካላወቁ ልክ አይደለም ማለት ነውና ደምስሼ እደግማለሁ። ዓሣ ሻጯን፣ ዘበኛውን፣ ትከሻው የጎበጠውን ታደለን ራሱን ሳልን። ታደለ ራሱን አይቶ ጀርባውን ቀና ለማድረግ ሞከረ። አንድ ቀን አሪየት ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ የሌለ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ አንድ እግሯን እንደደከመ ሰው ወደ ኋላ አስቀርታ ቆመች። ስስል አባቴ መሆኑን አላወቅኩም። ሴቶቹ ናቸው "ሐኪሙ" ያሉት። አባቴ እንዲያ እንደሚደክም ያወቅኩት ያን ጠዋት ነው። ቤት ስገባ ቁርስ መብላቱን ረሳሁት።

መሰልቸት እንዴት እንደቀረ አላውቅም። ነቅቼ የማስበው ዛሬ አሪየት ማንን ትሆን ይሆን የሚለውን ነበር። የሳልነው ሁሉ እስከ ቀትር ደርቆ ይፈርሳል፤ ወይ ከብት ይረግጠዋል። ለነገ የሚቀመጥ ስለሌለ የሚያሳፍርም አልነበረም። እጄ ሳላየው ለመደ።

ስንጨርስ አንዳንዴ እሷኑ እስላታለሁ። የራሷ አቋቋም ክብደቷን በግራ እግሯ ላይ ጥላ፣ ቀኝ እጇን በአንገቷ ሥር አሳልፋ ግራ ትከሻዋን መያዝ ነበር። ሳላያት ልስለው እችል ነበር። አሪየት ሥዕሏን የምትመረምርበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መስመሩ ውስጥ በጀርባዋ ትተኛለች። ተረከዟ ሁልጊዜ ከሳልኩት ተረከዝ ያልፋል።

"እግሬን አሳጠርሽው" ትለኛለች። በየቀኑ ነው የምትለኝ፤ በየቀኑም አሳጥረዋለሁ። የደጋ ሰው ዓይን ነው ያለሽ፣ እግር አታውቂም ትለኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ገባ። ማንጎው ረግፎ መንገዱ ሁሉ ጣፋጭ ሽታ ሸተተ፤ ባሮ ቀይ ሆኖ ሞላና አሸዋውን ዋጠው። ታደለን ወባ ያዘው። አባቴ መርፌ ሲወጋው ሰነበተ፤ ትንሽ ሲሻለው ወደ ደጋ በሚወጣ መኪና ተጫነ። ሲሻለኝ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። አልተመለሰም።

አሪየትም ሄደች። ታች በወንዙ፣ በጠረፉ በኩል ያለች አክስቷ ወልዳ ነበርና እንድታርሳት ተላከች። ውኃው ሙሉ ስለነበር በታንኳ ነው የሄደችው። ልሸኛት ወረድኩ። የተጠበሰ በቆሎ ይዤላት ነበር፤ ገደሉ ላይ ተቀምጠን ለሁለት ከፍለን በላን።

"ስመለስ አሸዋው ወጥቶ ይሆናል" አለችኝ።

ይወጣል አልኳት።

"እስከዚያ እግር ተለማመጂ።"

ታንኳው ላይ ስትቀመጥ ፊቷን ወደ መሄጃዋ አደረገች። ጀርባዋን አየሁ።

ብዙም አልቆየም፤ ጠረፉ ላይ ተኩስ ሆነ ተባለ። ማን ማንን እንደተኮሰ እኛ ዘንድ በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። መንደሮቹ ተበተኑ። ገሚሱ ወደዚያ ማዶ ተሻገረ፣ ገሚሱ ጫካ ገባ፣ ገሚሱ ወደ ከተማ መጣ። አክስቷ ሕፃኗን አዝላ ደረሰች። አሪየት ግን አብራት አልነበረችም። በሩጫው መሃል እጅ ለእጅ ተለያየን አለች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም አለች።

አባቴ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ይጠይቅ ነበር። ምን ትመስላለች ይሉታል። ረጅም ናት፣ ጥቁር ናት፣ ጥርሷ ነጭ ነው። እንዲህ ተብሎ የሚገኝ ሰው የለም። ፎቶ ደግሞ አልነበራትም። ፎቶ ቤት የሚኬደው ለመታወቂያና ለሠርግ ነው፤ እሷ ከሁለቱም አልደረሰችም።

አንድ ጠዋት የአሪየት እናት ቤታችን መጣች። አማርኛዋ ጥቂት ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ ረጋ ብላ ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣች።

"አንቺ ትስያለሽ። አሪየትን ሳዪልኝ። ሰው ምን ትመስላለች ይላል፤ እኔ አፌ አይችልም።"

እናቴ ግቢ አለቻት። አባቴ ከጤና ጣቢያው የተቀደዱ የግድግዳ ሥዕሎች አመጣልኝ፤ ጀርባቸው ነጭ ነበር። ከሰል ይዤ ተቀመጥኩ። ፊት ስዬ አላውቅም። ዓይን ብቻውን ዓይን ይመስላል፤ አፍንጫም አፍንጫ፣ አፍም አፍ ይመስላል። ሦስቱን ሳገናኛቸው የማላውቃት ሴት ትሆናለች። የአሪየት እናት አጠገቤ ሆና ትጠብቃለች። ስጨርስ አንስቼ አሳያታለሁ። ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ልታስከፋኝም አትፈልግም።

"ይቺ ማን ናት?" ትለኛለች።

በየቀኑ መጣች፤ በየቀኑ ሳልኩ። ወረቀቱ እያለቀ ሲሄድ ፊቱን ተውኩትና የማውቀውን ሳልኩ፤ ግራ እግር፣ ወገብ፣ አንገት ሥር ያለፈውን እጅ። ፊቱን ባዶ ተውኩት። ገና ሳልጨርሰው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እሷ ናት" አለች።

ለውኃ ቀጂዎቹም አሳየናቸው። ሁሉም ገና ሲያዩት አሪየት አሉ። እናቴ እንኳ፣ አሸዋ ላይ መሳሌን የማትወደው፣ ቁርጥ ልጅቷን ይመስላል አለች። ከዚያ በኋላ ያ ወረቀት እንደሚያገኛት አልተጠራጠርንም። በእኛ ከተማ ሰው ከሩቅ የሚታወቀው በአቋቋሙ ነው። ሌላም ቦታ እንዲያው ይመስለን ነበር።

ጋሽ ከድር ጨውና ሳሙና፣ ጨርቅም ይዞ በታንኳ ወደ ታች መንደሮች የሚወርድ ነጋዴ ነበር። መንገዱ አስጊ ቢሆንም አላቆመም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለን ሰጠነው። በደረሰበት መንደር ሁሉ ዘርግቶ እንደሚያሳይ ቃል ገባልን።

የተመለሰው ውኃው መጉደል ሲጀምር ነው። ዕቃውን ሳያራግፍ በቀጥታ ወደ ቤታችን መጣ። የአሪየትን እናት አስጠራናት። እናቴ ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣና ጣሳውን ይዞ ቆየ።

"ያላወቃት መንደር የለም" አለ።

የአሪየት እናት ብድግ አለች።

"ቁጭ በይ እናቴ። ሁሉም ያውቃታል። አንዱ መንደር ስዘረጋው የእገሌ ልጅ ናት፣ በሩጫው የጠፋች አሉኝ። ሌላው መንደር የእህቴ ልጅ አለኝ አንድ ሰው። ከዚያ በታች ደግሞ ሁለት ሴቶች ተጣሉበት። ስም ይሰጡኛል፤ ስሙ ሌላ ነው። አሪየት ናት ስላቸው አይደለችም ይሉኛል። ምን ላድርግ?"

ወረቀቱን መልስልኝ አለችው።

"የለም" አለ። "አንዲት እናት ወሰደችው። የኔ ናት አለች። ከእጇ ልቀበላት ነበር፤ አልቻልኩም።"

የአሪየት እናት ተመልሳ ተቀመጠች።

"አለቀሰች?" ብላ ጠየቀችው።

"አላለቀሰችም። ጠቅልላ ይዛው ጎጆዋ ገባች።"

"ይሁን" አለች የአሪየት እናት።

ጋሽ ከድር ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

እኔ ፊቱን መሞከሬን አላቆምኩም። አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ ነበር የምስለው። በየቀኑ የሚሠራ ነገር ይሻሻላል ብሎ ታደለ ነግሮኛል፤ እውነትም እጄ ተሻሻለ። የሚያምሩ ፊቶች እስል ጀመር። ግን በሳልኩ ቁጥር የሳልኩት ፊት በእውነተኛው ላይ ይደረባል። አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ አሪየትን ላያት ብፈልግ ከሳልኳቸው ሴቶች አንዷ መጣችብኝ። ከሰሉን ወደ ምድጃው መለስኩት። የቀረውን እንዳላጠፋው ፈራሁ።

ባሮ ጎደለ፤ አሸዋው ወጣ። አንድ ጠዋት እንጨት ይዤ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ እንጃ፤ እግሬ የለመደው መንገድ ነበር። በፊት የምንስልበት ቦታ ላይ አጎንብሼ በሰው ቁመት ልክ ሳልኳት። እጄ አንዴም አላቆመም። ስጨርስ ገደሉ ላይ ወጥቼ ላያት ቀና ስል የአሪየት እናት ጀሪካኗን ይዛ እዚያው ላይ ቆማ ነበር።

ወረደች። ጀሪካኗን አስቀምጣ መስመሩን ሳትረግጥ ዙሪያውን ዞረች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ገባች፤ በጀርባዋ ተኛች። ልጇ እንዲህ እንደምትተኛ ማን እንደነገራት አላውቅም። ምናልባት ከላይ ሆና አይታን ይሆናል። እግሯን ዘረጋች። ተረከዟ ከመስመሩ አልፎ ሄደ።

ሰማዩን እያየች "እግሯን አሳጠርሽው" አለችኝ።

እንጨቱን አንስቼ አስረዘምኩት። ጨርሼ ተረከዙን እስክዘጋው ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ተነሳች፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን አሸዋ አራገፍኩላት። ውኃዋን ቀዳች። ጀሪካኑን አናቷ ላይ አሸከምኳትና ሄደች። ፀሐይ ሲበረታ አሸዋው ደረቀ፤ መስመሩም ከዳር ጀምሮ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ አልሳልኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆንኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ስለ አሪየት የሰማ የለም። እናቷ ብዙ ዓመት ኖረች። ገበያ ውስጥ ስንገናኝ እጄን ይዛ ትንሽ ትቆማለች፤ ስለዚያ ነገር ግን አንስተን አናውቅም።

"እማማ፣ ተነቃነቅሽ" አለችኝ ብሌን።

ይቅርታ አልኳት። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ማንጎው ሥር የተቀመጠች አሮጊት ናት፤ ክብደቷን ወደ አንድ ጎን ጥላ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። እኔ ነኝ። ከሩቅ የሚያየኝ የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀኛል። በፊቷ ቦታ ላይ እንቁላል የመሰለ ክብ ብቻ አለ።

"እኔን ትመስላለች" አልኳት። "ፊቷስ?"

"ፊት ከባድ ነው። ሰውየውም ፊት መጨረሻ ላይ ነው ይላል። ሲሰለቸኝ ደግሞ ይበልጥ ይበላሽብኛል። ሌላ ጊዜ እሞክረዋለሁ።"

እኔ የማውቀው የሚያስቅ ሰው አጠገብ ሲኖር እንደማይሰለች ነው፤ እሱ ደግሞ ተፈልጎ የሚመጣ ነገር አይደለም። በእጅ የሚደረግ ነገር ሁሉ በልምምድ ይደረስበታል ብዬም ልነግራት አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ።

"ዛሬ ሞክሪው" አልኳት። "ቢበላሽም ግድ የለም። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እርሳሱን አነሳች። መብራቱ መጥቶ ኖሮ ቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ መዞር ሲጀምር ተሰማን፤ ግን አንዳችንም አልተነሳንም። ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩና ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ።